ጎ-ካርት ለስፖርት መኪና አሽከርካሪ ምን ያስተምራል?

ጎ-ካርት ሲነሳ ብዙዎቻችን የልጆች መጫወቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ በፎርሙላ ዋን ስማቸው የገነነው አየርተን ሴና፣ ሚካኤል ሹማከርና ሉዊስ ሃሚልተን ውድድር የጀመሩት በዚችው አነስተኛ መኪና ነው። የመጀመሪያዋን ካርት አርት ኢንግልስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1956 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠራ።

በእኔ እምነት ጉልበት ያለው መኪና የገዛ ሰው ችሎታውን መፈተን ያለበት በመጀመሪያ በካርት ነው። ምክንያቱም ካርት ለአሽከርካሪው ስህተት መሸፈኛ የላትም። ሞላ፣ አሞርዛተርና ዲፈረንሻል የሏትም፤ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ኮምፒውተርም የለም። የኋላ ጎማዎቿ በአንድ አክስል ላይ ስለታሰሩ እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት በትንሹ ካልተነሳ መኪናዋ አልታጠፍ ትላለች።

ከካርት የሚገኙት ዋነኛ ትምህርቶች ሦስት ናቸው። አንደኛው ዓይንን አርቆ መጣል ነው፤ ወደ ኩርባው ሲገቡ መውጫውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍሬን ነው፤ ቀጥታው መንገድ ላይ ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ መሪው እየዞረ ሲሄድ ቀስ በቀስ መልቀቅ። ሦስተኛው መሪን ማለዘብ ነው። ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም ውስን በመሆኑ ለፍሬኑ የዋለው ያህል ለመታጠፊያው ይጎድላል። የፊት ጎማዎች መንሸራተት ከጀመሩ መሪውን ይበልጥ ማዞር ነገሩን ያባብሰዋል።

ሆኖም ከካርት ወደ መኪና የማይሻገር ልማድም አለ። አብዛኞቹ ካርቶች ፍሬን የሚይዙት በኋላ ጎማ ብቻ ሲሆን የሚረገጠውም በግራ እግር ነው። ፍሪሲዮን የለመደ ግራ እግር በመኪና ፍሬን ላይ ሲያርፍ ከሚገባው በላይ ይረግጣል። ከዚህም ሌላ የስፖርት መኪና ክብደት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ቶን በላይ ስለሆነ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ሲያጋድል ጊዜ ይወስዳል። በተለይ እንደ ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና ኩርባ መሀል ነዳጅ በድንገት መልቀቅ ኋላውን ሊያስወጣው ይችላል።

ስለዚህ በካርት የተገኘው ችሎታ ቀጥሎ በዝግ መወዳደሪያ ስፍራ፣ ከአሠልጣኝ ጋር፣ በራስ መኪና ሊፈተሽ ይገባል። በዚያ ስፍራ የተሳሳተ አሽከርካሪ ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ጥቂት ሰከንዶችን ነው፤ እግረኛ በሚሻገርበት አስፋልት ላይ ግን ዋጋው የሰው ሕይወት ነው።