ከድልድዩ በፊት ዓባይን ያሻገሩ

ከወሎ ቦረና ከተማ ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ የደጋው መሬት በድንገት ያልቅበታል። ከእግሩ ሥር ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል፣ ከገደሉ ግርጌ ዓባይ፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ የጎጃም አፋፍ ይጠብቀዋል። በጠራ ቀን የማዶው አገር ቅርብ ይመስላል። ለመድረስ ግን መውረድ፣ መሻገር፣ እንደገና መውጣት አለ። መሻገሩ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቻል አልነበረም። ከሰኔ ማለቂያ እስከ መስከረም ወንዙ ሞልቶና ደፍርሶ ግንድ እያንከባለለ ሲወርድ ቦረናና ጎጃም እየተያዩ ሳይገናኙ ይከርሙ ነበር።

የቦረናና የሳይንት ደጋ በተፈጥሮው ከሦስት አቅጣጫ ታጥሯል። በሰሜን በሽሎ፣ በምዕራብ ዓባይ፣ በደቡብ ወለቃ። በሽሎና ወለቃ ሁለቱም ከወሎ ተነሥተው ዓባይን የሚመግቡ ወንዞች ናቸው፤ ሁለቱም የራሳቸው ሸለቆ አላቸው። ከላይ በደንቆሮ ጫካ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚውልበት ውርጭ አለ። ከዚያ ተነሥቶ ዓባይ ዳር የወረደ ሰው ጋቢውን አውልቆ ይሸከማል፤ ከታች ያለው ሙቀት፣ ወባና አዞ ነው። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን አጥብቆ የሚፈራውም ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንዲህ ያለ አገር ከዓለም የተቆረጠ ይመስላል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ይህ አካባቢ የመንግሥቱ እምብርት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን በዚሁ በጥንቱ የአማራ ምድር አሠሩ፤ የቀደሙ ነገሥታትን አፅም አፍልሰው ያስገቡት፣ እርሳቸውም የተቀበሩት እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለ። ከዓባይ ማዶ ደግሞ ንግሥት እሌኒ ያሠሯት መርጡለ ማርያም ቆማለች። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ነገሥታቱንም፣ ካህናቱንም፣ ነጋዴውንም አላቆመም። ያሻገራቸው ማን ነበር?

ድልድይ አልነበረም። በጥንቱ ዘመን በታላቁ ዓባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው ከዚህ በላይ ወደ ጣና በኩል፣ ወንዙ በጠባብ ዓለት መካከል በሚያልፍበት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ፣ ሌላው ሞጣን ከማዶው ከእንዳቤት የሚያገናኘው፣ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትና ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው ነው። ከበሽሎ መግቢያ በታች ያለው የቦረና ሰው እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በአብዛኛው የሚሻገረው በዋና ነበር። የጣና ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳም እዚህ አይሠራም፤ ደንገሉም የለም፣ ውሃውም ለታንኳ አይመችም።

ስለዚህ መርከቡ ቆዳ፣ ካፒቴኑ ዋናተኛ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንገደኛው ወንዙ ዳር ሲደርስ ዕቃውን ያራግፋል። ለመኝታ የሚነጠፈው የበሬ ጀንዲ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ እህሉ፣ ልብሱ፣ ጠመንጃው በላዩ ይደረደራል። የጀንዲው ጠርዝ ወደ ላይ ተሰብስቦ በጠፍር ይታሰራል። ውሃ እንዳይገባ አፉ ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ መሐል ላይ ይገለበጣል። ዋናተኛው የፍየል ስልቻ በትንፋሹ ነፍቶ፣ አፉን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ከደረቱ ሥር ያደርጋል። ስልቻ ያጣ ትልቅ ቅል ይይዛል። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ጀንዲውን እየገፉና እየጎተቱ ይገባሉ። ዋና የማይችለው መንገደኛ የነፋውን ስልቻ አቅፎ ይተኛል፤ ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው፦ አትወራጭ።

ዋናተኛ ፊት ለፊት አይሻገርም። ሊወጣበት ካሰበው ቦታ ብዙ ርቆ ከላይ ይገባል፤ ወንዙ እየወሰደው፣ እርሱ በጎን እየቀዘፈ፣ ማዶ ካለው የአሸዋ ዳርቻ ላይ ይጥለዋል። ያችን ዳርቻ ካለፋት ቀጥሎ የሚጠብቀው ፏፏቴ ወይም ቀጥ ያለ ዓለት ነው። በየዓመቱ ክረምቱ አሸዋውንና ድንጋዩን ስለሚያዛውር የአምናው መግቢያ ለዘንድሮ ላይሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው ከወንዙ ዳር የተወለደ የቆላ ሰው ነው። አጋሰስና በቅሎ በልጓም እየተሳቡ ይዋኛሉ፤ አንድ ሰው ጭንቅላታቸውን ከውሃ በላይ ይይዛል። ከመግባት በፊት ሰዉ ይጮኻል፣ ድንጋይ ይወረወራል፣ ጠመንጃ ያለው ይተኩሳል። አዞ ከጩኸትና ከብዙ ሰው ይሸሻል ተብሎ ስለሚታመን ብቻውን የሚሻገር አስተዋይ አልነበረም።

ጎጃም ከሦስት ወገን በዓባይ ተከቦ የተቀመጠ አገር ነው። ከአፋር ቆላ የተቆረጠ አሞሌ ጨው የጎጃም ገበያ የሚገባው በዚህም ሆነ በዚያ በኩል ይህን ወንዝ ተሻግሮ ነበር። የጎጃም እህል፣ ማርና ቅቤ ወደ ወሎ ሲመጣም እንዲሁ። ቦረና ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ወንዙ ዳር የሚገናኙት መንገደኞችም የሁለቱም ወገኖች ናቸው፤ በአንዱ ጀንዲ ላይ የሙስሊሙ ነጋዴ ጨውና የቄሱ መጽሐፍ አብሮ መሻገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ፍለጋ ወደ ጎጃም የሚወርደው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ንብረቱ ሁሉ ደበሎው፣ አኮፋዳውና ቅሉ ነው። የሚከፍለው ስለሌለው ዋናተኛው ለነፍሱ ብሎ ያሻግረዋል። ከደም የሸሸና ከጌታው የኮበለለም በዚሁ መንገድ አልፏል። ዓባይን የተሻገረ ሰው ሌላ ገዥ ካለበት አገር ገባ ማለት ነበር፤ የሚያሳድደው ደግሞ ከአፋፉ ቆሞ ከማየት ያለፈ ብዙ አማራጭ አልነበረውም።

ይህ ሁሉ በበጋ ነው። መንገዱ የሚከፈተው መስቀል ካለፈ በኋላ ውሃው እየጠራና እየጎደለ ሲሄድ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ዕዳ መጠየቅ፣ ከብት መንዳት፣ ሁሉም ለዚያ ወቅት ይቀጠራል። ማዶ ልጁን የዳረ አባት ሐምሌ ላይ መርዶ ቢመጣበት ለቅሶ መድረስ አይችልም። ጦርነትም ቢሆን ከዚህ ሕግ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ የጄኔራል ናፒየር ጦር ዐፄ ቴዎድሮስን ለመውጋት ወደ መቅደላ ሲገሰግስ ትልቁ ጭንቀቱ ክረምት ሳይገባ ከአገር መውጣት ነበር። በሽሎን የተሻገረው በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ውሃው ባነሰበት ጊዜ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስም መድፎቻቸውን በበሽሎ ሸለቆ አሳልፈው መቅደላ ያወጡት በዚያው በጋ ነበር።

በዚያው ዘመን ከዓለም ሌላ ጫፍ ኖርዌይ የተባለችው አገር የእኛን የመሰለ ችግር ነበራት። ባሕር በተራሮቿ መካከል ሰርጎ እየገባ ከተሞቿን ከፋፍሏቸዋል። መፍትሔዋ መርከብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1893 በሪቻርድ ቪት አነሣሽነት ከትሮንድሄም ወደ ሃመርፌስት የሚመላለስ የፖስታና የሰው መርከብ ሥራ ጀመረ። ስሙን ፈጣኑ መስመር አሉት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መነሻው የወደብ ከተማዋ በርገን ሆነች። የአገልግሎቱ ትልቅ ድል ፀሐይ በማትወጣበት የበረዶ ወራት ጭምር አለመቋረጡ ነው። ደብዳቤ በክረምት ለወራት ይዘገይበት የነበረው ሰሜን በቀናት ውስጥ መልእክት የሚደርሰው አገር ሆነ።

ዓባይን በጀልባ ለመድፈር ከተነሡት የመጀመሪያ የውጭ ሰዎች አንዱ ከዚያች አገር የመጣ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ለማጥናት ሲያቅድ ኖርዌያዊውን ቢ. ኤች. ጄሰንን አጋሩ አደረገ። ዕቅዱ ማክሚላን ከኢትዮጵያ በኩል ቁልቁል እንዲወርድ፣ ጄሰን ደግሞ ከካርቱም ሽቅብ እንዲመጣና መካከል ላይ እንዲገናኙ ነበር። የማክሚላን ጀልባዎች ውሃ ላይ በዋሉ ጊዜ ሳይቆዩ ተሰባበሩ። ጄሰን ከሱዳን ድንበር ሳያልፍ ፋማካ ላይ ፏፏቴው መለሰው። እ.ኤ.አ. በ1905 እንደገና ቢሞክርም ጣና ሊደርስ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው አቆመ። በባሕር ያደገ ሕዝብ ልጅ፣ በቂ ገንዘብና መሣሪያ ይዞ፣ ከዚህ ወንዝ ጋር ሊስማማ አልቻለም።

ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ሮበርት ቺዝማን ብልኅ ነበር። በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ሲሠራ ከ1925 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. የላይኛውን ዓባይ ካርታ አነሣ፤ በጀልባ ሳይሆን በበቅሎ፣ ከአፋፍ ወደ አፋፍ፣ በጠቅላላው 8,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ። የሸለቆው ሰው ዘወትር የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ከጣና እስከ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ በጀልባ የወረደው የመጀመሪያው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1968 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጠይቀው በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ነው። 60 ያህል የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ይዘው ተሰልፈዋል። ዓባይን በማሸነፍ በአየር የተነፋው ጎማ የነበረው ድርሻ ልብ ሊባል ይገባል፤ የቦረናው ዋናተኛ በፍየል ስልቻው ይህን ጥበብ ከእነርሱ በፊት ያውቀው ነበር።

የእነዚህ ሁሉ ስም በመጽሐፍ አለ። ጉዟቸው ተመዝግቧል፣ ካርታቸው ታትሟል። ኑሮው መሻገር የሆነው፣ ሌላውን ሰው እየጎተተ ያሻገረው የቆላ ሰው ስም ግን የለም። ይህ ትክክል አይደለም። ወንዙን አንድ ጊዜ የወረደ ሰው ጀግና ከተባለ፣ በየበጋው የማያውቀውን ሰው ነፍስ ይዞ ሲመላለስ የኖረው ምን ሊባል ነው?

የመሻገር ፍላጎቱ ምን ያህል ብርቱ እንደሆነ ሰባራ ድልድይ ምስክር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን ጦር ለመግታት የድልድዩን መካከል እንዳፈረሱት ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለአሠርት ዓመታት ሕዝቡ መንገዱን አልተወም። አሥር አሥር ሰዎች በዚህና በዚያ ወገን ቆመው በገመድ መንገደኛውን ከክፍተቱ በላይ ይጎትቱት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓባይን የወረደችው ፎቶ አንሺ ኔቫዳ ዊየር ይህን አንሥታ ፎቶው በናሽናል ጂኦግራፊክ ወጣ። ያን ያየ አሜሪካዊ፣ ኬን ፍራንትስ፣ ለገጠር ሰዎች የእግር ድልድይ የሚሠራ ድርጅት መሠረተ። ድልድዩ ተጠገነ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ጎርፍ የማይደርስበት ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

ዛሬ መካነ ሰላምን ከምሥራቅ ጎጃሙ ጉንደወይን የሚያገናኘው መንገድ ዓባይን በድልድይ ያልፋል። መኪና ከአፋፍ ወደ አፋፍ በሰዓታት ይደርሳል፤ ክረምት ከበጋ ለቅሶ ይደረሳል፣ ሠርግ ይበላል። ማንም ወደ ድሮው ይመለስ አይልም፤ ወንዙ የወሰዳቸው ብዙ ናቸውና። ነገር ግን ጀንዲ እንዴት እንደሚታሰር፣ ውሃው ከየት እንደሚያዝ፣ የትኛው መሻገሪያ ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር የሚያውቁ አዛውንቶች በቦረና፣ በሳይንት፣ በእነብሴና በጎንቻ ቆላዎች ይገኛሉ። የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤቶች፣ የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች ወደ እነርሱ ይውረዱ፤ ቃላቸውን ይቅረጹ፣ የመሻገሪያዎቹን ስም በካርታ ያስፍሩ፣ የዋናተኞቹንም ስም ከነአባታቸው ይጻፉ።