«መስኩን»፦ የቤሩት የመናፍስት ቤቶች እና የኦዛይ መቃብር

በቤሩት አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ በባሕሩ ዳርቻ ተጨናንቃ የምትገኘው ኦዛይ ስሟን ያገኘችው ከአንድ መቃብር ነው። መቃብሩ በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሻም ምድር ታላቅ የሕግ ሊቅ የነበሩት የኢማም አል-አውዛኢ ነው። ሥፍራው ያን ጊዜ ሐንቱስ የሚባል መንደር ነበር። መንደሩ ጠፍቶ የሊቁ ስም ቀረ። ዛሬ በዙሪያው የቤት ዕቃ መሸጫዎች፣ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎችና ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች የሠሯቸው ቤቶች ተደራርበዋል። አውሮፕላኖች ከጣሪያዎቹ በላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ሕዝቡ ግን መቃብሩን አይፈራውም፤ ይዘይረዋል፣ ዱዓ ያደርግበታል።

በዚያችው ከተማ ሰው የሚፈራቸው ሌሎች ቤቶች አሉ። ዐረብኛ እንዲህ ያለውን ቤት «በይት መስኩን» ይለዋል። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «ነዋሪ ያለበት ቤት» ማለት ነው፤ ነዋሪው ማን እንደሆነ አይናገርም። አማርኛችን «ጋኔን የሰፈረበት» ወይም «ሰይጣን ያደረበት» ብሎ ነዋሪውን በስሙ ይጠራል። በትርጉም ሥራ ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ስለ ቤሩት በሚጻፍበት ጊዜ ግን የጉዳዩ እምብርት ይሆናል፤ ከተማዪቱ ሕያው ነዋሪ ከወጣባቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያስቆጠሩ ሕንፃዎች አሏትና።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የሆሊዴይ ኢን ሆቴል ነው። በሩን ለእንግዳ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት የሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ። ከ1975 መጨረሻ እስከ 1976 መጀመሪያ ድረስ በተካሄደው «የሆቴሎች ውጊያ» ተፋላሚዎቹ ሕንፃውን ፎቅ በፎቅ፣ ክፍል በክፍል ተናጠቁበት። ጦርነቱ በ1990 ካበቃ በኋላም እንግዳ አልገባበትም። በጥይት የተበሳው አካሉ በባሕሩ ዳርቻ ከተሠሩት አዳዲስ ሆቴሎች ጀርባ ቆሟል። ማታ ማታ በባዶ መስኮቶቹ ብርሃንና ጥላ እንደሚታይ የሚያወሩ አሉ። ሆቴሉ ባዶ የቀረበት ምክንያት ግን ከመናፍስት ጋር አይገናኝም፤ ባለ አክሲዮኖቹ ይታደስ ወይስ ይፍረስ በሚለው ላይ መስማማት ስላልቻሉ ነው።

ከእርሱ ብዙም የማይርቀው የሙር ግንብ ደግሞ ሳያልቅ የቀረ ነው። ግንባታው በ1974 ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ፤ ከላይ የተኳሾች ማማ፣ ከታች ደግሞ በብዙዎች ትውስታ የታሳሪዎች ማቆያ ሆነ። ተከራይ ሳይገባበት መስኩን የተባለ ሕንፃ ማለት ይህ ነው። በሶዴኮ ያለው «ቢጫው ቤት» ዕጣው የተለየ ነው። ዩሱፍ አፍቲሙስ በ1924 የነደፈው ይህ ውብ የመኖሪያ ቤት ከተማዋን ለሁለት በከፈለው «አረንጓዴው መስመር» ላይ በመገኘቱ የአነጣጥሮ ተኳሾች ምሽግ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ሊፈርስ ሲል አርክቴክት ሞና ሐላቅ ያደረጉት ክርክር አተረፈው፤ አሁን «በይት በይሩት» በሚል ስም የከተማዋ የመታሰቢያ ሙዚየም ነው። የጥይቱ ቀዳዳዎች ሳይደፈኑ ቀርተዋል።

እነዚህን ወሬዎች የሚሰማ እንግዳ በየትኛውም አገር እንደሚወራው ዓይነት ተረት አድርጎ ሊያልፋቸው ይችላል። ሆኖም በሊባኖስ ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ ሰዎች ቁጥር ብዙ ጊዜ 17,000 ተብሎ ይጠቀሳል። እናቶቻቸውና ሚስቶቻቸው ፎቶግራፍ ይዘው በአደባባይ ለአሥርት ዓመታት ጠይቀዋል። የጠፉትን ሰዎች ዕጣ የሚያጣራ ብሔራዊ ኮሚሽን የሚያቋቁመው ሕግ ቁጥር 105 የወጣው በ2018 ነው፤ ጦርነቱ ካበቃ ከ28 ዓመታት በኋላ። በዚህ ጸሐፊ እምነት የቤሩት የመናፍስት ወሬ ከዚህ ጋር አብሮ መነበብ አለበት። ሟቹ የት እንዳረፈ ሳይታወቅ ሲቀር፣ ሰው ባዶውን ሕንፃ ነዋሪ ያበጅለታል።

ሕያዋኑም ቢሆኑ ማደሪያ ያጡበት ጊዜ ነበር። በጥር 1976 የካራንቲና ሠፈር ነዋሪዎች ሲጨፈጨፉ፣ ከሞት የተረፉት ወደ ደቡብ ተወስደው በኦዛይ አቅራቢያ ባሉት በሴንት ሲሞንና በሴንት ሚሼል የባሕር መዝናኛዎች ሰፈሩ። ሀብታሞች ልብስ ይቀይሩባቸው የነበሩት የመታጠቢያ ክፍሎች የቤተሰብ ቤት ሆኑ። በቃሉ እውነተኛ ፍቺ «መስኩን» የሆኑት እነዚህ ናቸው።

ወደ ኢማሙ እንመለስ። አል-አውዛኢ በ707 ገደማ የተወለዱት በበዓልበክ ነው፤ የሊባኖስ የአጋንንት ታሪክ ሁሉ አባት በሆነችው ከተማ። የበዓልበክን ግዙፍ ቤተ መቅደሶች የሠሩት ሮማውያን ናቸው። በጁፒተር መቅደስ መሠረት ላይ እያንዳንዳቸው 800 ቶን ገደማ የሚመዝኑ ሦስት ድንጋዮች ተደርድረዋል። ይህን የሰው እጅ ሊሠራው አይችልም ያሉት የመካከለኛው ዘመን ተራኪዎች፣ ንጉሥ ሰለሞን ጂኖችን አዝዞ እንዳሠራውና ለበልቂስ በስጦታ እንደሰጣት አወሩ። በልቂስ ማለት ደግሞ የእኛዋ ንግሥተ ሳባ ናት። በጥንቱ የድንጋይ መፈልፈያ የቀረው 1,000 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ «ሐጀር አል-ሒብላ»፣ የነፍሰ ጡሯ ድንጋይ ይባላል፤ አንዱ አፈ ታሪክ ድንጋዮቹን እንዲሸከሙ የታዘዙት ነፍሰ ጡር ጂኖች እንደነበሩ ይናገራል። እግረ መንገዳችንን፦ «ጂን» የሚለው ቃል መሰወርን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ሲሆን፣ በማኅፀን የተሰወረው ፅንስም «ጀኒን» የሚባለው ከዚያው ሥር ነው። የእኛም «ጋኔን» ለዚህ ቃል ሩቅ አይደለም።

ቃል በሌላውም አቅጣጫ ተጉዟል። በግብፅና በሱዳን የሚታወቀው የ«ዛር» ሥርዓት መነሻው ኢትዮጵያ እንደሆነ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። ስም አወጣጥም የራሱ መንገድ አለው። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብላ የጠራችው ሙት ታይቶበት ሳይሆን፣ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል ስላስደነገጣት ነበር።

ኢማሙ የተወለዱት አጋንንት ሠሩት በሚባል ከተማ ቢሆንም፣ ስማቸው የሚነሣው ከሕያዋን ጋር በተያያዘ ጉዳይ ነው። በሊባኖስ ተራራ ካመፁ ክርስቲያኖች መካከል በአመፁ ያልተሳተፉት ጭምር ከመንደራቸው በተባረሩ ጊዜ፣ ለዐባሲያኑ ገዥ ለሷሊሕ ኢብን ዐሊ ደብዳቤ ጻፉ፤ ብዙኃኑ በጥቂቶች ጥፋት ሊቀጡ አይገባም ሲሉ ተከራከሩ። በ774 ሞታቸው የደረሰው በቤሩት በሚገኝ ሐማም ውስጥ ነው። እንደሚተረከው በሩ ተዘግቶባቸው፣ ከከሰል ጋር ታፍነው ነበር ሕይወታቸው ያለፈው። ለመናፍስት ወሬ ከዚህ የበለጠ መነሻ አይገኝም ነበር። ሆኖም አስከሬናቸው ታጥቦ፣ ተሸኝቶ፣ ሐንቱስ ተቀበረ፤ የቀብሩን ሸኚዎች ታሪክ ጸሐፊዎች ሲቆጥሩ ሙስሊሙንም፣ ክርስቲያኑንም፣ አይሁዱንም ይጠቅሳሉ።

ከኦዛይ ዳርቻ የሚታየው ባሕር ለኢትዮጵያውያን ሌላ ትዝታ አለው። ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከሌሊቱ ከቤሩት ወደ አዲስ አበባ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 በደቡብ በኩል በናዕሜ ጠረፍ ባሕር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት 90 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። በቀጣዮቹ ሳምንታት ጠላቂዎች ያወጧቸው አስከሬኖች በዘረመል ምርመራ እየተለዩ፣ እያንዳንዳቸው በየስማቸው ለቤተሰቦቻቸው ተሰጡ።