አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስት ፈተና

ሰኔ ሲገባ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰው ይበዛል። ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ የተጠረዘ ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ፣ ለብቻው እያጉተመተመ ኮሪደር ላይ የሚመላለስ ሰው። "ዲፌንስ አለበት" እንባባላለን፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩት ጓደኞቻችን ዘንድሮ ተራቸው ደርሷልና ወሬያችን ሁሉ ይኸው ሆኗል። ሁለት ዓመት የተለፋበት ሥራ በአንድ ሰዓት ጥያቄና መልስ ይመዘናል ወይ? ፈታኞቹስ የሚመዝኑት ዕውቀትን ብቻ ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ዛሬ ማንኛውም የሶሲዮሎጂ ተማሪ ስማቸውን የሚሸመድዳቸው ሦስት ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተመዝነው ነበር፤ በበርሊን። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያን ጊዜ ሶሲዮሎጂ እዚያ ራሱን የቻለ ትምህርት ስላልነበረ አንዱ በፍልስፍና፣ አንዱ በሕግ፣ አንዱ በኢኮኖሚክስ በኩል ነበር የቀረቡት። ዶክትሬት የፈለገ ሰው የተወሰነ ጊዜ ተመዝግቦ መማር፣ የራሱን ምርምር ጽፎ ማስገባትና የቃል ፈተና መቀመጥ ነበረበት።

የመጀመሪያው ጊዮርግ ዚመል ነው። ሙዚቃ ከየት መጣ የሚል ጽሑፍ ይዞ ቀረበ። የአልፕስ ተራራ ሰዎች ድምፃቸውን ከወፍራም ወደ ቀጭን እያወጣጡ ስለሚያዜሙት ዜማ መጠይቅ እስከማሰራጨት ደርሶ ነበር። ፈታኞቹ ግን አልተቀበሉትም፤ ማስረጃው ሳሳባቸው፣ የፊደል ግድፈቱም በዛባቸው። እውነት ለመናገር በዚህ አንፈርድባቸውም፤ ማስረጃ መጠየቅ የፈታኝ ሥራ ነው። ደግሞም በሩን ጨርሰው አልዘጉበትም፤ ስለ ካንት ጽፎ የተሸለመበት ሌላ ሥራ ተቆጥሮለት በ1881 ዶክተር ሆነ።

ጣጣው የመጣው ለማስተማር ፈቃድ በሚሰጠው ፈተና ላይ ነው። እንደሚተረከው ከሆነ አንድ አንጋፋ ፕሮፌሰር ነፍስ በአንጎል ውስጥ የተወሰነ ቦታ አላት ቢሉ፣ ዚመል ፊት ለፊት ተሳስተዋል አላቸው። ታላቅን እንዴት ማናገር እንደሚገባው አስቦበት ይመለስ ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ። ፈቃዱን ያገኘው በ1885 ነው። ሙሉ ፕሮፌሰር እስኪሆን ግን እስከ 1914 ጠበቀ፤ ያውም ስትራስቡርግ ሄዶ፣ በ56 ዓመቱ። የአይሁድ ዝርያው እንቅፋት እንደሆነበት በ1908 ሃይደልበርግ ለመግባት ሲሞክር የተጻፈበት ደብዳቤ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ማክስ ቬበር ነው። በ1889 ስለ መካከለኛው ዘመን የንግድ ማኅበራት የጻፈውን ይዞ በአደባባይ ክርክር ቆመ። ከአድማጮቹ መካከል ዝነኛው የሮም ታሪክ ሊቅ ቴዎዶር ሞምሰን ተነሥተው ሞገቱት። የ25 ዓመት ጎረምሳና የ71 ዓመት ሽማግሌ ተከራከሩ። በመጨረሻ ሞምሰን ሙሉ በሙሉ ባያምኑበትም መንገዱን እንደማይዘጉበት ተናገሩ፤ እንዲያውም ለወራሽነት ከእሱ የተሻለ እንደማያዩ ገለጹ። ደስ የሚል ፈተና ነው፤ ፈታኙ ሳይስማማ አሳለፈ። ነገር ግን አንድ ነገር አንርሳ፤ የቬበር አባት ፖለቲከኛ ነበሩ፤ ሞምሰን ደግሞ የቤቱ እንግዳ። ልጁ ፈታኞቹን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል።

እኛን የሚከነክነን ሦስተኛው ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱቦይስ በ1892 ከስሌተር ፈንድ ባገኘው ገንዘብ በርሊን ገባ። በጉስታቭ ሽሞለር ሴሚናር ተቀምጦ፣ ከመፍረድ በፊት መረጃ መሰብሰብን ተማረ። ስለ አሜሪካ ደቡብ ትልልቅና ትንንሽ እርሻዎችም የምርምር ጽሑፉን አዘጋጀ። ሽሞለርና ሌላው መምህሩ አዶልፍ ቫግነር እንዲፈተን ደገፉት። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የተመዘገበበት ጊዜ ነበር። ዩኒቨርሲቲው የሴሚስተሩ ቁጥር አልሞላም አለ። ፈንዱ ደግሞ ተጨማሪ ገንዘብ አልሰጥም አለ። ዱቦይስ በ1894 ሳይፈተን ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዚመል ቢወድቅም ተፈትኖ ነው። ቬበርም ተፈትኖ አለፈ። ዱቦይስን ግን የመዘነው የቀን መቁጠሪያና የገንዘብ ቦርሳ ነው። ደንቡ ለሁሉም እኩል ይመስላል፤ ለማሟላት የሚያስፈልገው ገንዘብ ግን ሁሉም ኪስ ውስጥ የለም። ምዘና የሚጀምረው ከጥያቄው ወረቀት ሳይሆን ማን እስከ ጠረጴዛው ይደርሳል ከሚለው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ያውቀዋል። ዱቦይስ በ1895 ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በፊላዴልፊያ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ጥቁሮችን ጠይቆ በ1899 ያሳተመው ጥናት ዛሬ ከአሜሪካ ሶሲዮሎጂ መሠረቶች አንዱ ነው። በ1904 አሜሪካን የጎበኘው ቬበር ራሱ ጻፍልኝ ብሎ ጠይቆት፣ በ1906 ጽሑፉን በሚያዘጋጀው መጽሔት ላይ አወጣለት። ያው የበርሊን ዩኒቨርሲቲም፣ ስሙ ሁምቦልት ከተባለ በኋላ፣ በ1958 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ሰውየው 90 ዓመቱ ነበር። ከተመለሰ 64 ዓመት አልፎታል።

ስለዚህ ሱፍ ለብሳችሁ ኮሪደር ላይ ለምትመላለሱ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንበል። የፊደል ግድፈታችሁን አርሙ፣ ማስረጃችሁን አጠናክሩ፤ በዚህ ዚመልን የጣሉት ሰዎች ትክክል ነበሩ። ውጤቱ ግን የዚያን ቀን ሥራችሁን እንጂ እናንተን ሙሉ በሙሉ አይናገርም። ነገ እናንተም ከጠረጴዛው ወዲያ ትቀመጣላችሁ። ያን ጊዜ ሳትስማሙ ማሳለፍን ከሞምሰን ተማሩ፤ በሩ ላይ የቀረ ሰው እንዳለም ዞር ብላችሁ እዩ።

መልካም ዲፌንስ!