ሻይ በሎሚ ወይስ ሻይ በአረቄ? የጣና ዳርቻ መጠጦች ታሪክ

ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1622 እ.ኤ.አ. ጎርጎራ ላይ ሲያርፍ፣ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ያዘጋጀውን ትልቅ መጽሐፍ ጽፎ ጨርሶ ነበር። መጽሐፉ የዓባይን ምንጭ፣ የነገሥታቱን ውሎና የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት በሰፊው ይተርካል። በመካከሉም ስለ አንድ ትኩስ መጠጥ ያነሳል። ፓኤዝ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት፣ በ1590 እ.ኤ.አ.፣ በዓረብ ጠረፍ ተማርኮ በሐድረሞት በኩል ሲወሰድ፣ የቡና ገለባ በውኃ ተፈልቶ ቀርቦለት ቀምሷል። ሐረሮች ዛሬም ከዚህ ወገን የሆነውን ሆጃ ያፈላሉ።

በዚያው ዘመን፣ በ1610 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ የሆላንድ ነጋዴዎች የመጀመሪያውን የሻይ ቅጠል ከምሥራቅ እስያ ወደ አውሮፓ አስገቡ። ሻይ የጣና ዳርቻ ሰው የዕለት መጠጥ እስኪሆን ግን ገና ሦስት መቶ ዓመት ይቀር ነበር። ሐይቁ ዳር የቆዩት መጠጦች የትኞቹ ነበሩ? ሻይስ ሲመጣ ከጠጁ፣ ከጠላውና ከአረቄው ጎን የቱን ቦታ ያዘ? ዛሬ በሻይ ወዳጆች መካከል የሚነሳው «ሻይ ላይ አረቄ ጠብ ይደረግ ወይስ አይደረግ?» የሚለው ክርክር በዚህ ታሪክ ሲታይ ይበልጥ ይገባል።

የዘጌ ሦስት ተክሎች

ከባሕር ዳር በጀልባ የምትደረሰው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የራሷ ትውፊት አላት። የዘጌን ገዳም ያቀኑት አቡነ በትረ ማርያም ሕዝቡ የሚተዳደርበትን እንዲሰጣቸው ፈጣሪን ቢለምኑ ሦስት ተክሎች በቀሉላቸው ይባላል። ሦስቱም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ናቸው። ቃል ኪዳኑም ሕዝቡ በእነዚህ እንዲኖር፣ መሬቱን በበሬ እንዳያርስና ከብት እንዳያረባ የሚያዝ ነው። የዘጌ ደን ዙሪያው ሁሉ ሲራቆት ተርፎ የቆየው በዚህ ሥርዓት ነው።

በትውፊቱ ውስጥ ቡናና ጌሾ አንድ ላይ መነሳታቸው ትልቅ ነገር ነው። ቡና የሚያነቃ፣ ጌሾ ደግሞ የጠላና የጠጅ መሠረት ነው። ሁለቱ በአንድ አፈር፣ በአንድ ጥላ ሥር አደጉ፤ በታንኳ ተጭነው ወደ አንድ ገበያ ወጡ። ማጀት ሲገቡ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ጌሾ ወደ እንስራ፣ ቡና ወደ ጀበና ሄደ።

ቡና ራሱ ወደ ክርስቲያኑ ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ደገኛው ክርስቲያን ለረጅም ዘመን ቡናን ከጫትና ከትምባሆ ጋር ደርቦ የሙስሊሞች ነው እያለ ሲርቀው ኖሯል። የዘጌ ሰው ቡናውን አልምቶ ለነጋዴ ይሸጠው ነበር። ይህ ርቀት በሰፊው የላላው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና መጠጣታቸው ከታወቀ በኋላ ነው። ሻይ የመጣው እንግዲህ ትኩስ መጠጥ በእያንዳንዱ ቤት ቦታ ማግኘት በጀመረበት ወቅት ነው።

ለእያንዳንዱ መጠጥ የራሱ ዕቃ

የጣና ዳርቻ ሰው መጠጦቹን በዕቃና በሰዓት ለይቶ ያውቃል። ጠጅ በብርሌ፣ ጠላ በዋንጫ ወይም በጣሳ፣ አረቄ በመለኪያ፣ ቡና በሲኒ ይቀርባል። ጠጅ በቀድሞው ዘመን የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ማዕድ ክብር ነበር። ጠላ የሰንበቴ፣ የማኅበር፣ የደቦና የሠርግ ነው። ቡና ጎረቤት የሚጠራራበት፣ የቀኑ ወሬ የሚወራበትና ሽማግሌ የሚመርቅበት ነው።

አረቄ ከሁሉም ይከብዳል። በጎጃም በዳጉሳ የሚወጣው አረቄ ስሙ የታወቀ ነው። ብቅሉና ጌሾው ተጠንስሶ፣ ድፍድፉ ከበሰለ በኋላ እሳት ላይ ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ ሲቀዘቅዝ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። ዳግመኛ የወጣው «ዳግም አረቄ» ይባላል፤ ኃይሉም ከተራው ይበልጣል። አውጪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ብዙ እናት ልጆቿን አሳድጋ ያስተማረችው በዚህ ጢስ ውስጥ ቆማ ነው። የአረቄው መለኪያ ትንሽ መሆኑ ጠጪው የሚጠጣውን በዓይኑ እንዲቆጥር ያደርገዋል። መጠጡ ከውኃ ጋር ቢቀርብም ከውኃው ጋር አይደባለቅም።

ሻይ ሲመጣ

ሻይ ለጣና ዳርቻ የሩቅ እንግዳ ነው። ሻይ ቅጠል ኮምጣጣ አፈርና ዓመቱን ሙሉ የተከፋፈለ ዝናብ ይፈልጋል። የጣና ዙሪያ ዝናብ ግን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርድና ረጅም በጋ ይከተላል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሻይ አገሩ ደቡብ ምዕራብ ሆነ።

በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስላዎች ነበሯቸው። ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ጣናንና ዓባይን እየዞረ አጥንቶ ውጤቱን በ1936 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አሳተመ። በኢሉባቦር ደግሞ የመጀመሪያው የሻይ ተክል የገባው ጎሬ በነበረው እንግሊዛዊ ቆንስል አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ከዚያ የጉማሮ እርሻ፣ ቆይቶም በከፋ ቦንጋ አጠገብ የውሽውሽ እርሻ ተስፋፋ። ሁለቱም በመንግሥት እጅ ከቆዩ በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. ወደ ግል ኩባንያ ተዛወሩ። ዛሬ ባሕር ዳር የሚፈላው ሻይ ብዙው የዚያ ምድር ፍሬ ነው።

ሻይን ከባለጸጋ ቤት አውጥቶ ለሁሉም ያዳረሰው ስኳር ነው ማለት ይቻላል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ስኳር አገር ውስጥ መመረት ጀመረ። ያለ ስኳር ሻይ መጠጣት ላልለመደው ሰው ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

የባሕር ዳር ሻይ ቤቶች

ባሕር ዳር እስከ 1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። ጣሊያኖች በ1936 እ.ኤ.አ. ሲይዟት የአስተዳደር ጣቢያና የሐይቅ ወደብ አደረጓት። የከተማዋ ትልቅ ዕድገት ግን ከነፃነት በኋላ ነው። ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 እ.ኤ.አ. ተከተለ። የጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር ማስተር ፕላንም ሰፋፊዎቹን ጎዳናዎች ለከተማዋ ሰጣት።

ፋብሪካ ፈረቃ አለው፤ ትምህርት ቤት የዕረፍት ሰዓት አለው። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ሠራተኛና ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስት ጊዜ እስኪፈላ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ኪሱም ቀላል ነው። ሻይ ለእንዲህ ያለው ሰው የተመቸ መጠጥ ነው። በራዱ ከእሳቱ አይወርድም፤ ብርጭቆው ሳይቆይ ይቀርባል፤ ከፓስቲ ወይም ከቦምቦሊኖ ጋር ቁርስ ይሆናል።

የሻይ ወዳጆችም በየአፈላሉ ይለያያሉ። አንዱ ቀረፋና ቅርንፉድ የበዛበትን፣ ሌላው ዝንጅብል የገባበትን ይመርጣል። «ቀጭን ይሁንልኝ» የሚል አለ፤ ከላይ ቡና፣ ከታች ሻይ ሆኖ የሚቀርበውን ስፕሪስ የሚያዝ አለ። የደጋ ሰው ጦስኝ ያፈላል። ሎሚ የሚጨምቅበትም ብዙ ነው። ከዘጌ ሦስት ተክሎች መካከል የሻይ ወዳጅ ሆኖ የተገኘው ሎሚው ነው።

ሻይና አረቄ

ሻይን ከአልኮል ጋር መቀላቀል ለዓለም አዲስ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መርከበኞች ከሕንድ ወደቦች የተማሩት ፓንች አልኮል፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውኃና ቅመም የሚገባበት ነበር፤ ሻይ የሚጨመርበትም ዓይነት ነበረው። በሰሜን ጀርመን ጠረፍ በክረምት ሻይ በሮም ይጠጣሉ። እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ግን በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌላ ነገር ሆነ። ከስካር ለመውጣት የተነሱ የፕሬስተን ከተማ ሰዎች ከአልኮል ፈጽሞ ለመራቅ ቃል ገቡ፤ በእንቅስቃሴያቸውም የሻይ ግብዣ የመሸታ ቤትን ቦታ እንዲወስድ አደረጉ። ሻይ በአንድ አገር የአልኮል ጓደኛም ተፎካካሪም ሆኖ ታይቷል።

በእኛ አገር አረቄ በሻይ የሚቀምሱ ሰዎች የሚያነሱት ምክንያት ብርድና ጉንፋን ነው። ሌሊት በሐይቁ ላይ መረብ የሚጥል ሰው፣ የንጋቱ ነፋስ ሲመታው ትኩስ ነገር መፈለጉ ተገቢ ነው። ስለ አረቄው ግን እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። አልኮል በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ ሰውነቱ ግን ሙቀቱን ፈጥኖ ያወጣል። ለጀልባ ቀዛፊ ይህ አደገኛ ማታለል ነው።

ሌላውም እንዲሁ ነው። «ሻዩ ስለሚፈላ አረቄው ይተናል» ይባላል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢፈላም፣ ብርጭቆ ላይ ተጨምሮ ወዲያው ሲጠጣ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። «ሻይ ስካርን ይሰብራል» የሚሉም አሉ። በሻይ ውስጥ ያለው ካፌይን እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ በደም ውስጥ ያለውን አልኮል አይቀንስም፤ ሰካራሙን የነቃ ሰካራም ያደርገዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤት አረቄ ኃይሉ በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ስኳሩና ቅመሙ የአረቄውን መቃጠል ይሸፍኑታል፤ ጠጪው ስንት መለኪያ እንደወሰደ አያውቅም። መለኪያ የተሠራበት ጥበብ ብርጭቆ ውስጥ ይጠፋል።

ሻይ ቤት ለዚህች ከተማ የሰጣት ትልቅ ነገርም ሊታሰብ ይገባል። ክርስቲያንና ሙስሊም፣ አዛውንትና ተማሪ፣ ሾፌርና ነፍሰ ጡር በአንድ ጠረጴዛ፣ ከአንድ በራድ ያለ ሥጋት የሚጠጡት መጠጥ ሻይ ነው። ጠጅ ቤትም አረቄ ቤትም ይህን ሁሉ ሰው አንድ ላይ ሊያስቀምጥ አልቻለም። ሻዩ ውስጥ አረቄ ሲገባ ያ ጠረጴዛ ይከፈላል።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ፍርድ ግልጽ ነው። አባቶችና እናቶች ለእያንዳንዱ መጠጥ ዕቃና ሰዓት መስጠታቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር፤ ሻይም ይህ መብት ይገባዋል። አረቄ የሚጠጣ በመለኪያው፣ አውቆና ቆጥሮ ይጠጣ። እንግዳ የሚቀበል ሰው የእንግዳውን ሻይ ሳያስፈቅድ አይንካ። ለሾፌር፣ ለጀልባ ነጂና ለልጅ ደግሞ ለጉንፋንም ቢሆን አረቄ ያለበት ሻይ አይቅረብ፤ ዝንጅብሉና ሎሚው ይበቃል።