ገና ላልተሠራ ኮምፒዩተር የተጻፈ ሶፍትዌር

አዲስ ፕሮሰሰር ተነድፎ ከፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ያልፋሉ። ቺፑ በወጣ ጊዜ ግን ሶፍትዌር ካልተዘጋጀለት ገዢ አያገኝም፤ ሶፍትዌሩን የሚጽፈው ባለሙያ ደግሞ መሞከሪያ ኮምፒዩተር ይሻል። ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ፣ ገና የሌለውን ኮምፒዩተር ባለው ኮምፒዩተር ላይ በፕሮግራም አስመስሎ ማስኬድ ነው፤ ፕሮግራሙም ሲሙሌተር ይባላል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፖል አለንና ቢል ጌትስ ቤሲክ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለአልቴር 8800 ሲያዘጋጁ ማሽኑ በእጃቸው አልነበረም። አለን የኢንቴል 8080ን ትእዛዞች የሚያስመስል ፕሮግራም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፒዲፒ-10 ላይ ጽፎ ሥራቸውን በዚያ ፈተኑ። ይሁንና ለኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮሰሰሩን ብቻ ማስመሰል አይበቃም፤ ሜሞሪው፣ ዲስኩ፣ ሰዓት ቆጣሪውና የሥራ ማቋረጫ ምልክቶቹ ሁሉ መኖር አለባቸው። ይህን አሟልቶ የማስመሰል ጥበብ በ1990ዎቹ ጎለመሰ፤ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲምኦኤስ፣ በስዊድን የኮምፒዩተር ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ሲሚክስ ተሠሩ። ሲሚክስን ለገበያ ለማቅረብ በ1998 ቨርቹቴክ የተባለ ኩባንያ ተቋቋመ።

የዘዴው ጥቅም ጎልቶ የታየው በኤኤምዲ ዘንድ ነው። ኩባንያው ነባሩን የኤክስ86 ትእዛዞች ወደ 64 ቢት ለማስፋት ማቀዱን በ1999 አስታወቀ፤ ዝርዝሩንም በ2000 አወጣ። ተቀናቃኙ ኢንቴል ከሂውሌት ፓካርድ ጋር ፍጹም አዲስ ትእዛዞች ያሉትን ኢታኒየምን ይዞ ቀድሞ ነበር። ኤኤምዲ ገና ቺፕ ስላልነበረው ቨርቹቴክ የሠራውን ሲሙሌተር ለፕሮግራም ጸሐፊዎች አቀረበ፤ የጀርመኑ ሱሴ ባለሙያዎችም ሊኑክስን ለአዲሱ ፕሮሰሰር ማዘጋጀት የጀመሩት በዚሁ ነው።

በሲሙሌተር ላይ ሥራውን በፈለጉት ትእዛዝ ላይ ማቆም፣ እያንዳንዱን ሬጂስተር መመርመር፣ ስሕተቱንም ያለ አንዳች ልዩነት መድገም ይቻላል። ይህ በእውነተኛው ቺፕ ላይ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ዋጋው ግን ፍጥነት ነው። የቺፑን የውስጥ ሥራ ዑደት በዑደት የሚከተል ሲሙሌተር በሰኮንድ 10,000 ዑደት ቢያስኬድ፣ ባለ 2 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰር በአንድ ሰኮንድ የሚፈጽመው ሥራ ከሁለት ቀን በላይ ይወስድበታል። በዚህ አካሄድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማስነሣት የማይታሰብ ስለሆነ፣ ሶፍትዌር ጸሐፊዎች የትእዛዞቹን ውጤት ብቻ በሚያስመስለው ፈጣን ዓይነት ይሠራሉ፤ የዑደት ቆጠራው ለቺፕ ነዳፊዎች ይቀራል።

በ2002 መጀመሪያ ኤኤምዲ የመጀመሪያ ቺፖቹን ሲያሳይ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ በላያቸው ይሠራ ነበር። ኦፕተሮን በሚያዝያ 2003 ለገበያ ቀረበ።

ኢታኒየምም ቢሆን ሲሙሌተር አላጣም፤ ሊኑክስ የተዘጋጀለት የሂውሌት ፓካርድ ሥራ በሆነው በስኪ ላይ ነበር። የጎዳው ሌላ ነው፤ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰበትን የቆየ ሶፍትዌር በዝግታ ማስኬዱ። ኢንቴል በ2004 የተቀናቃኙን ባለ 64 ቢት ትእዛዞች በራሱ ቺፖች ውስጥ አስገባ፤ በ2010 ደግሞ ቨርቹቴክን ገዛ።