ሆሞሲስቴይን፣ የቢ ቫይታሚኖች እና ስትሮክ

ሆሞሲስቴይን ሰውነት ሜቲዮኒንን ሲጠቀም የሚፈጠር አሚኖ አሲድ ነው። ፎሌት (ቢ9) እና ቢ12 መልሰው ወደ ሜቲዮኒን፣ ቢ6 ደግሞ ወደ ሲስቴይን እንዲቀየር ይረዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሆሞሲስቴይን በደም ውስጥ ይከማቻል። ምግብ ሳይበላ ሲለካ በሊትር ከ5 እስከ 15 ማይክሮሞል እንደ ጤናማ ይቆጠራል። የኩላሊት ሕመምም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ኪልመር ማከሊ በ1969 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ሆሞሲስቴይን የደም ቧንቧን ይጎዳል የሚል ሐሳብ አቀረበ። መጠኑን በቫይታሚን መቀነስ ስትሮክን ይከላከላል ወይ የሚለው ግን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። የስንዴ ዱቄት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፎሊክ አሲድ በሚበለጽግባት አሜሪካ በዋናነት የተካሄደው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ፣ ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ ጥቅም አላሳየም። በቻይና ግን ከ20,000 በላይ የደም ግፊት ሕሙማን ተሳትፈውበት በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ከግፊት መድኃኒቱ ጋር በቀን 0.8 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ የወሰዱት ላይ የመጀመሪያ ስትሮክ በ21 በመቶ ቀንሷል። ልዩነቱ በአብዛኛው የሚገለጸው ቀድሞ በነበረው የፎሌት እጥረት ነው።

ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ሁለተኛው ሁኔታ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. በታተመ የዘጠኝ ክልሎች ጥናት፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 46 በመቶው ከባድ የፎሌት እጥረት ነበረባቸው። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ ግዴታ ሆኗል። ሆኖም በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ባሉ ገጠሮች እህል በሰፈር ወፍጮ ስለሚፈጭ የፋብሪካው ዱቄት ብዙ ቤት አይደርስም። ጤፍ፣ በቆሎና አንጮቴ ቢ12 የላቸውም፤ ይህ ቫይታሚን በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። በጎመንና በጥራጥሬ ያለው ፎሌት ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲቀቀል ይቀንሳል። በዓለም ገበያ «ለቀምት» በሚል ስም የሚሸጠው የአካባቢው ቡና ራሱ፣ እንደማንኛውም ቡና፣ በብዛት ሲጠጣ ሆሞሲስቴይንን በመጠኑ ያሳድጋል።

ምርመራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደሙ ከተቀዳ በኋላ ፕላዝማው ቶሎ ካልተለየ ቀይ የደም ሴሎች ሆሞሲስቴይን ስለሚለቁ ውጤቱ በሐሰት ከፍ ይላል። ከአዲስ አበባ 330 ኪ.ሜ. ገደማ ከምትርቀው ነቀምት የሚላክ ናሙና እዚያው ሳይለይ መንገድ ከጀመረ ቁጥሩ አይታመንም።

ፎሊክ አሲድ ብቻውን ሲወሰድ የቢ12 እጥረት ያመጣውን የደም ማነስ ሊሸፍን ይችላል፤ የነርቭ ጉዳቱ ግን ይቀጥላል። ለስኳር ሕመም ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱ ሰዎች ቢ12 ሊጎድላቸው ስለሚችል ይህ በተለይ ይመለከታቸዋል። ዋናው የስትሮክ መንስኤ የደም ግፊት በመሆኑ ቫይታሚን የግፊት መድኃኒትን አይተካም።