ነባሮቹና እንግዶቹ፤ የጥንት አራዊት ጉዞ

ማን ቀድሞ እንደ ሰፈረ፣ ማንስ በኋላ እንደ ገባ የሐዲያና የከምባታ ሽማግሌዎች ሲያወጉ እየሰማን አድገናል። እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ግን ከሰው ጉዞ እጅግ ስለሚቀድመው ስለ አራዊት ጉዞ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ይህ ታሪክ የተመዘገበው በብራና ሳይሆን ወደ ድንጋይነት በተለወጠ አጥንትና ጥርስ ነው።

አፍሪካ ከዐረብ ምድር ጋር እንደ ተያያዘች ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት በባሕር የተከበበች ደሴት ነበረች። የዚያን ዘመን ምስክር ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዓለም የተገለጠው የጭልጋ አጥንት ዕድሜው 27 ሚሊዮን ዓመት ነው። በዚያ የዝሆን ዘመዶች፣ የሽኮኮ ዘሮችና ሁለት ግዙፍ ቀንድ የነበረው አርሲኖይቴሪየም ይኖሩ ነበር፤ እነዚህ ሁሉ የአፍሪካ ነባሮች ናቸው። ከ24 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ወዲህ ግን ምድሪቱ ወደ ሰሜን ተገፍታ ከእስያ ጋር ስለ ገጠመች የእንስሳት መንገድ ተከፈተ።

ይህን በሚገባ ከሚያስረዱት ምስክሮች መካከል ሦስት አጽቄ እየለቀሙ የሚኖሩ ትናንሽ እንስሳት ይገኛሉ። እንግሊዛዊው ሊቅ ፐርሲ በትለር እ.ኤ.አ. በ1956፣ ቀጥሎም በ1957 ከባልደረባው ከሆፕውድ ጋር፣ በጎረቤታችን በኬንያ ስለ ተገኙት ቅሪቶች ጻፈ። 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረው በዚያ አለት ውስጥ ሲነኩት የሚጠቀለለው የትንሹ ጃርት ዘመድ አለ፤ ይህ ከሰሜን የመጣ እንግዳ ነው። ቴንሬክ የሚባለው ነባርም አለ፤ የዚህ ዘመዶች ባሕር ተሻግረው ዛሬ በብዛት በማዳጋስካር ይኖራሉ። ቴንሬክና ጃርት በመልክ ቢመሳሰሉም ዘራቸው የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገው የዘር ምርመራ የቴንሬክ ዘመዶች ዝሆን፣ ሽኮኮና ምስጥ በሊታው አዋልዲጌሳ መሆናቸውን አሳይቷል።

መንገዱም የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ጃርት ሲገባ ዝሆን ወጣ፤ ዘሩም በእስያና በአውሮፓ አልፎ እስከ አሜሪካ ደረሰ። እንግዲህ ዛሬ በአገራችን የምናያቸው አራዊት የነባርና የእንግዳ ድብልቅ ናቸው። ሁሉም አንድ ምድር ያበቀለውን ይመገባሉ።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ይህን ሁሉ የነገረን ከስንዴ ቅንጣት የሚያንስ ጥርስ ጭምር ነው። ስለዚህ በእርሻም ሆነ በገደል ሥር ድንጋይ የሆነ አጥንት ብናገኝ አንስበረው፤ ከስፍራውም አናንሣው። ለመምህራንና ለባህል ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ። ከስፍራው የተነሣ አጥንት ከመጽሐፍ እንደ ተገነጠለ ገጽ ነውና።